ሰው አለው

ባለፈው እሁድ አስር ሰዓት ገደማ ሐዋሳ፣ ሐይቁ ዳር ቡና ልንጠጣ ወጣን። ወንበሩ ሁሉ ተይዟል። ሰው ግን የለም። መቼም ታውቁታላችሁ፣ ባልዘረዝረው ይሻላል።

አይ፣ ልዘርዝረው። ምክንያቱም ልጁ ምስጋና ይገባዋል። አንድ ጎረምሳ ለብቻው ስምንት ወንበር ይዟል። አንዱ ላይ ራሱ ተቀምጧል። ሁለተኛው ላይ ጃኬቱ። ሦስተኛው ላይ የጃኬቱ ኮፍያ፣ ዚፑ ተፈቶ ለብቻው። አራተኛው ላይ መነጽር፣ አምስተኛው ላይ የመነጽሩ ቤት። ስድስተኛው ላይ ቁልፍ። ሰባተኛው ላይ ተጠጥቶ የተጋመሰ ሃይላንድ። ስምንተኛው ላይ ሲደርስ ንብረት አለቀበት። ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? የግራ እግሩን ጫማ አወለቀና አስቀመጠው። ካልሲው ቀዳዳ ነው። አውራ ጣቱ ብቅ ብሎ ዙሪያውን ያያል፣ እሱም ወንበር ሊይዝ።

«ወንድሜ፣ ይቅርታ፣ ሰው አለው?»

«አለው።»

«የትኛው?»

«ሁሉም።»

«የት ናቸው?»

«እየመጡ ነው። ባጃጅ ውስጥ ናቸው።»

ሰባት ሰው፣ በአንድ ባጃጅ! ቆመን ጠበቅን። ፀሐይ ወደ ሐይቁ ማዶ አዘቀዘቀች። ከሃምሳ ደቂቃ በኋላ አንዲት ልጅ ብቻዋን መጣች። ወንበሮቹን ቃኘቻቸው። «እዚህ ይነፍሳል፣ ሌላ ቦታ እንሂድ» አለችው። ልጁም ንብረቱን መሰብሰብ ጀመረ። መጀመሪያ ኮፍያውን።

እኔ እንጀራዬ ኮምፒውተር ነው። ይሄን ሥልጣኔ አይቼ ስመለስ ከርነል አሳዘነኝ። ከርነል የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ልብ ነው። ማሽኑ ገና ሲበራ፣ እናንተ አርማውን እያያችሁ፣ እሱ የሜሞሪ ቦታ ይደለድላል። ግን ምን ያደርጋል፣ አልነቃም። መጀመሪያ ይጠይቃል! ማሽኑ ላይ ተጭኖ ከሚመጣው የማስነሻ ፕሮግራም፣ ከፈርምዌሩ፣ ካርታ ይቀበላል፤ ከዚህ እስከዚህ ያንተ ነው፣ ይሄኛው የተያዘ ነው፣ አትንካ የሚል። ሊኑክስ የሚባለው ከርነል ደግሞ ሜምብሎክ የሚባል መዝገብ አለው። በአንዱ ዝርዝር ማሽኑ ያለው ሜሞሪ ይጻፋል፣ በሌላው የተያዘው። ከየት ይጀምራል፣ ስንት ባይት ነው፣ በዋናነት ይሄው ነው። «እየመጡ ነው» የሚባል ዓምድ የለውም። የራሱ ኮድ ያረፈበትንና እንደዚያ ያለውን ብቻ ይይዝና የተረፈውን ገጽ በሚባል ቁራጭ፣ አብዛኛውን ጊዜ በ4 ኪሎባይት፣ ከፋፍሎ ለፕሮግራሞች ክፍት ያደርጋል።

የባሰው ደግሞ መልቀቁ ነው። ለመነሻ ብቻ የሚያስፈልገው ኮድ ሥራውን ሲጨርስ ቦታውን ይመልሳል። ይሄን ያህል ኪሎባይት ለቅቄያለሁ ብሎ ሎግ በሚባለው የሥራ መዝገቡ ላይ ሳይቀር ይጽፋል። ጫማውን አጥልቆ ተነሳ ማለት ነው። ለካሜራና ለቪዲዮ ብሎ የሚይዘው ሲኤምኤ የሚባል ሰፊ ቦታም አለ። ባለቤቱ እስኪመጣ ግን ሌሎች ገጾች ይቀመጡበታል፤ ካሜራው ሲመጣ ተነስተው ሌላ ቦታ ይዛወራሉ። «እስኪመጡ ድረስ ተቀመጡ» እንደማለት! እንዲህ ዓይነት ቃል እዚህ አገር ከሰማሁ ቆየሁ።

እርግጥ ባዶውን የሚያስቀምጠውም አለ። ዋናው ከርነል በድንገት ቢሞት፣ ሌላ ትንሽ ከርነል ተነስቶ ምን እንደገደለው የሚመዘግብበት ቦታ ነው። እድር በሉት። እሱም ቢሆን መጠኑ አስቀድሞ ተጽፎ የታዘዘ ነው። በኢንቴልና በኤኤምዲ ማሽኖች ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ የመጀመሪያዋን 1 ሜጋባይት በጅምላ ይይዛል። አንዳንድ ባዮስ፣ ያው ፈርምዌሩ፣ ሳያስፈቅድ ስለሚጽፍባት ነው። እዚህች ጋ ትንሽ እናንተን መስሏል፤ ግን ምክንያት አለው። ምክንያት ካለውማ ምኑን ወንበር ያዘ?

ወር አይሞላውም፣ አንድ ጤና ጣቢያ አግዳሚው ላይ ሦስት ፌስታል ተቀምጧል። ልጅ ያዘለች እናት ቆማለች። ልጁ ትኩሳት አለው፣ ጭንቅላቱ ጀርባዋ ላይ ተዘንብሏል። አንድ አዛውንት «ልጄ፣ አረፍ በይ» ሲሏት ከኋላ «ሰው አለው!» የሚል ጩኸት መጣ። ይሄ አያስቅም። ፌስታል አይታመምም! ሰው ሆኖ ይሄን መናገር ነውር ነው። ማናችንም ፌስታሉን አለማንሳታችን ደግሞ የባሰ ነውር ነው፤ እኔንም ጨምሮ።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ።

ሰኞ ጠዋት አንድ ደንበኛ ላፕቶፕ ይዞ መጣ። ለእንግዳ ያሉኝ ወንበሮች ሁለት ናቸው። አንዱ ላይ ተቀመጠ፣ ሌላው ላይ ቦርሳውን አኖረ። ከኋላው አንድ አባት ገብተው ቆሙ።

«8 ጊጋ ብለው ሸጡልኝ» አለኝ ተበሳጭቶ፣ «የሚሠራው 7.7 ነው ይላል። የቀረውን ማነው የያዘብኝ?»

ቦርሳውን አየሁት።

«ሰው አለው» አልኩት።