መቀሷ ትባረክ

ካዝና ሲራቆት የዳኛ ደመወዝ ላይ የምታርፍ መቀስ ትባረክ! የመምህርና የነርስ ደመወዝ የነካ ሹም ጎዳናው በሰልፈኛ ይሞላበታል። ዳኛ ግን ካባውን ለብሶ መፈክር አያሰማም። ቢናገር «ለኪሱ ነው» ይሉታል፣ ዝም ቢል «ተስማማ» ይሉታል። እንዲህ ያለ ምቹ ሰው ከየት ይገኛል?

በዚህ ሙያ አየርላንዶችን የሚያህል የለም። ሕገ መንግሥታቸው በአንቀጽ 35 ዳኛ በሥራ ላይ እስካለ ደመወዙ እንዳይቀነስ ይከለክል ነበር። ባንኮቻቸው ተንኮታኩተው እ.ኤ.አ. በ2009 በመንግሥት ሠራተኛው ላይ የጡረታ ተቀናሽ ሲጣል፣ ዳኞቹን ያቺ አንቀጽ አዳነቻቸው። ስለዚህ «በፈቃዳችሁ ክፈሉ» ተባሉ። ስንቱ እንደከፈለ ጋዜጣ እየቆጠረ የሚያወጣው ፈቃድ፣ ፈቃድ ከተባለ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ለጀማሪ ሹም ሁሉ ትምህርት ነው። ሕዝቡ ክፉኛ እስኪቆጣ ጠብቅ። ሲቆጣ «የዳኛ ነፃነት ይነካ ወይ?» ብለህ እንዳትጠይቅ፤ «እነሱስ ከእኛ በምን ይበልጣሉ?» በል። ዳኞቹ የቅነሳውን መጠን ነፃ አካል ይወስነው የሚል ሐሳብ ቢያቀርቡ፣ ሳትቀየም አመስግነህ እለፈው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 27 ቀን 2011 ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ፤ ከመቶ 80 የሚጠጋው መራጭ ይቀነስ አለ። በዚያው ቀን ለፓርላማው ሰፊ የምርመራ ሥልጣን ይሰጠው ወይ ሲባል ግን ያው ሕዝብ እምቢ አለ። ሕዝቡ፣ ፖለቲከኛው ሰው ጠርቶ እንዲመረምር አላመነውም፤ መቀሱን ግን አስጨበጠው።

ለፍትሐዊነት ያህል፣ አዲሱ አንቀጽ ልጓም አለው፦ ዳኛን ብቻ ነጥሎ መቁረጥ አይፈቅድም፤ የሌላው የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ሲቀነስ በተመጣጣኝ እንጂ። ልጓሙን የሚይዘው ግን ያው ሕግ አውጪው ነው።

ካናዳዎች ይህን የመሰለ ጥበብ አበላሹት። ከክፍላተ ሀገራቸው ልዑል ኤድዋርድ ደሴት የዳኞቿን ደመወዝ በ7.5 በመቶ፣ አልበርታ በ5 በመቶ ቆረጡ። ተከሳሾች ተነሡና «ዐቃቤ ሕጉን የላከብኝ መንግሥት የዳኛዬንም ኪስ ከያዘ፣ ይህ ዳኛ ገለልተኛ ነው ወይ?» ብለው ተቃወሙ። ነገሩ ከዳኛው ኪስ ወጥቶ የተከሳሹ ጉዳይ ሆነ፤ የወንጀል መዝገብ ሁሉ በዚህ መቃወሚያ ሊቆም ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 18 ቀን 1997 ባወጣው ፍርድ፣ ደመወዙ ሊቀነስም ሆነ ባለበት ሊቆም አስቀድሞ በነፃ ኮሚሽን ይታይ አለ። መንግሥት የኮሚሽኑን ምክር ካልተቀበለ ምክንያቱን ያስረዳ፣ ምክንያቱም በፍርድ ቤት ይመዘን፤ ዳኞችም ከሹም ጋር ደመወዝ አይደራደሩ ብሎ ጨመረበት። ሌላው ይቅር፣ ጭማሪም በዚያው በር ይለፍ! ጉርሻ ካላስጨነቀ አያምርም የሚለውን ተረት የሚያውቁት ይመስል።

እኛ ዘንድ ይህ ሁሉ ድካም የለም። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 79 ዳኛ ከሕግ በቀር በማንም እንዳይመራ ያዛል፣ የፌዴራል ፍርድ ቤት በጀትም በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ተዘጋጅቶ ለተወካዮች ምክር ቤት ይቅረብ ይላል። ደመወዝ አይቀነስም የሚል ቃል ግን አልገባበትም። መቀነስስ ለምን? ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪው ገበያ ተለቀቀ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዳኛው የደመወዝ ወረቀት ላይ አንዲት ሳንቲም አልተነካችም፤ ውኃም ሰውን የሚወስደው እያሳሳቀ ነው። ሪፈረንደም የለ፣ ኮሚሽን የለ፣ የሚከሰስ መቀስ የለ።

ደመወዙ ሲመነምን ቸርነት ይገባል። እዚህ ላይ ብልሃቱ፣ ደመወዙን በሕግ ከመጨመር ቤትና መኪና በፈቃድ መስጠት ነው። ሕግ የወሰነውን ደመወዝ ማንም አያመሰግንበትም፤ በደብዳቤ የተሰጠ ቤት ግን በደብዳቤ ይነጠቃል። ቁልፉ ሲሰጥ ካሜራ አይቅር፣ ዳኛውም ከፊት ይቀመጥ። ሰጪው መሥሪያ ቤት ተከሳሽ የሆነበት መዝገብ ለማክሰኞ ጠዋት ተቀጥሯል።