“ነገ ይምጡ” ይኑርልን

ሰው ሁሉ ቢሮ ያማል። እኔ አላማም። ዘንድሮ የንግድ ፈቃድ ለማውጣት ስመላለስ ስድስት ኪሎ ቀንሻለሁ። ስኳሬ ወርዷል። ከሦስት መሥሪያ ቤት ዘበኞች ጋር የቤተሰብ ያህል ሆነናል፣ አንዱማ ለልጁ ክርስትና ጠርቶኛል። እስቲ የትኛው ጂም ነው ይህን ሁሉ የሚሰጥ?

ከተማዋን አልጠራም። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ናት፣ ደጋ ናት፣ ጠዋት ያለ ጋቢ አይወጣባትም። ከዚህ በላይ ከተናገርኩ ማህደሬ ይጠፋል።

ነገሩ የጀመረው በቆሎ ነው። በቆሎ ስል እሸቱን አይደለም፣ ቆሎውን ነው። ባለቤቴ ገብስ ስትቆላ ጎረቤት ሁሉ ሽታውን ተከትሎ ይመጣል። “ለምን አትሸጡትም?” ተባልን። ደብረ ሲና ላይ አውቶቡስ በቆመ ቁጥር ቆሎ በመስኮት እንደሚሸጥ ያለፈበት ሁሉ ያውቃል። እኛም በትንሽ ላስቲክ አሽገን እንሸጣለን አልን። አንድ ክፍል ቤት፣ ሁለት ምጣድ፣ አንድ ሚዛን። ለብቻችን ቢተውን ኖሮ በማግስቱ ሥራ ጀምረን ነበር። ቢሮው ግን ከዚህ ጥድፊያ አዳነን፣ እድሜ ይስጠው።

የመጀመሪያ ቀን የተቀበለችኝ ልጅ ትሁት ነበረች።

“ምን ዓይነት ሥራ ነው ጋሼ?”

“ቆሎ ነው የኔ ልጅ።”

“መሸጥ ነው መቁላት?”

“ቆልቼ መሸጥ።”

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። እያንዳንዱ ንግድ የራሱ መደብና ኮድ አለው። መሸጥ ብቻ ቢሆን ችርቻሮ ነው። መቁላት ከሆነ ግን ማምረት ሊሆን ይችላል። አንድ ከፍ ያሉ ባለሙያ ጠራች። እሳቸውም መነጽራቸውን አውልቀው “ገብሱ ይነከራል?” ብለው ጠየቁኝ። “አዎ፣ ነክረን ሸክሽከን ነው” አልኩ። “ከተነከረማ ምግብ ማቀነባበር ነው” አሉ። ሦስተኛው ባለሙያ ከጎን ጠረጴዛ “ለውዝና ሱፍ ከገባበትስ?” አለ። ክፍሉ ጸጥ አለ።

አርባ ደቂቃ ተወያዩ። እኔ ጥርስ ካወጣሁ ጀምሮ ቆሎ ስበላ ነው የኖርኩት፣ አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ጥልቅ ነገር መሆኑን አላሰብኩም። ጉንጬ ሙሉ ኢንዱስትሪ ነበር ለካ። ዳቦ ቆሎም ልናደርግ ማሰባችንን አልነገርኳቸውም፣ አሳዘኑኝ። በመጨረሻ “ይህ ከበላይ ይጠየቃል፣ ነገ ይምጡ” ተባልኩ።

“ነገ ይምጡ” ሁለት ፊደልና ሦስት ፊደል ነው፣ ግን ስንት ነገር ይዟል! እምቢ አላሉህም። እሺም አላሉህም። ነገ መኖርህን ተመኝተውልሃል። በዚህ ዘመን ነገ ትኖራለህ ብሎ የሚተማመንብህ ማን አለ?

እስከዚያው ወረቀት ሰበሰብኩ። መታወቂያ፣ ጉርድ ፎቶ፣ ቲን፣ ለቲኑ አሻራ። አሻራ ላይ ትንሽ ተቸገርን፤ እድሜ ልኬን ጠመኔና ማረሻ ስይዝ ጣቴ አልቋል መሰለኝ መሣሪያው አልለየኝም። “ጋሼ እጅዎን ይጥረጉ” ተባልኩ። ጠረግሁ። “ነገ ይሞክሩ።” ጣቴም እንደ ሰው ነገ ይሻለዋል።

የኪራይ ውል ደግሞ አለ። ፈቃድ ለማግኘት ቤት መከራየት ግድ ነው ተባልኩ። ተከራየሁ። አምስት ወር ኪራይ ከፈልኩ። በአምስት ወር አንድ ፍሬ ቆሎ አልተሸጠም። ለሙከራ ያስቀመጥነውን አንድ ማዳበሪያ ገብስ ግን አይጦች ያለ ፈቃድ፣ ያለ ቲን፣ ያለ ጉርድ ፎቶ ጀምረውታል። ሕገ ወጥ ንግድ ማለት ይኼ ነው።

ከዚያ ቤቱን ሊያዩ ሁለት ሰዎች መጡ። ግድግዳውን አዩ፣ ውሃውን አዩ፣ መጸዳጃውን አዩ። “ምጣዱ የታል?” አሉ።

“ፈቃድ ሳላገኝ ምን ብዬ እገዛለሁ?”

“ምጣድ ሳናይ ምን ብለን ፈቃድ እንሰጣለን?”

ተያየን። ሁለታችንም ልክ ነበርን። እንዲህ ዓይነት ክርክር ድሮ ቅኔ ቤት ነበር፣ አሁን በነጻ ቤትህ ድረስ ይመጣልሃል። ምጣዱን ከጎረቤት ተውሼ በሁለተኛው ጉብኝት አሳየሁ። ጎረቤቴ ያን ዕለት ልጆቿን ዳቦ ገዝታ አበላች። ለልማት የተከፈለ መስዋዕትነት ነው።

የሰፈራችን ወጣቶች “አሁንማ ሁሉም በኦንላይን ሆኗል” ይሉኛል። እውነት ነው። ኦንላይኑ ያለው ቢሮው ውስጥ ነው። ሄደህ ወረፋ ይዘህ “ሲስተም የለም” ትባላለህ። ሲስተም ሲመጣ መብራት ይሄዳል። ሁለቱ ሲገናኙ ባለሙያው ስብሰባ ላይ ነው። ከቢሮው ፊት ለፊት ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት ግን ጄኔሬተር አለው። ያ ልጅ ከእኔ ብቻ የአንድ በግ ዋጋ ሳይበላ አይቀርም። “አንተ ፈቃድህን በስንት ጊዜ አወጣህ?” አልኩት። ሳቀና “ኮፒው ስንት ይሁን ጋሼ?” አለኝ።

ሐሜተኞች ይህን አዲስ በሽታ ያስመስሉታል። ታሪክ ስለማያውቁ ነው። ሸዋ የደጅ ጥናት አገር ነው። አንኮበር ላይ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴን ደጅ ስንቱ ስንቁን ይዞ ጠንቷል። እኛ ያንን ቅርስ ነው የያዝነው፣ ድንኳኑ በአግዳሚ ወንበር ተተካ እንጂ። አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1841 ካፒቴን ሃሪስ የሚባል የእንግሊዝ መልእክተኛ፣ በረሃውን አቋርጦ ሸዋ ገባ። በዚያው ዓመት ከንጉሡ ጋር የንግድ ውል ተፈራረመ። አንድ ግዛት ከአንድ ንጉሥ ጋር! ለቆሎ ቢሆን ኖሮ አይሳካለትም ነበር። ገብሱ ይነከራል ወይ ይሉታል።

የዓለም ባንክም በ2020 ሪፖርቱ ለሥራ ምቹነት ከ190 አገሮች 159ኛ አድርጎን ነበር። 31 አገር ከኋላችን ማለት ነው፣ ቀላል አይደለም። ባንኩ በዓመቱ ሪፖርቱን ራሱን አቋረጠው። መረጃው ላይ ችግር ተገኝቶ ነው ይላሉ። እኔ ግን አንዱ አጥኚ እኛ ጋ ፈቃድ ሊሞክር መጥቶ እስካሁን ወረፋ ላይ ያለ ይመስለኛል።

በስድስተኛው ወር ሁሉም ተሟላ። ፊርማ አለ፣ ቲተር አለ። የቀረው ክቡ ማኅተም ብቻ ነው። ማኅተሙ መሳቢያ ውስጥ ነው፣ የመሳቢያው ቁልፍ ማኅተም ያዧ ጋ ነው፣ ማኅተም ያዧ ለቅሶ ሄዳለች። በለቅሶ ደግሞ አይቀየምም። የሟቹን ዘመድ አውቀው ስለነበር እኔም ሄድኩ።

ድንኳኑ ውስጥ ስገባ አላመንኩም። የመጀመሪያዋ ልጅ አለች። መነጽራሙ ባለሙያ አሉ። ስለ ለውዝ የጠየቀው አለ። ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ናቸው የሚባሉት ኃላፊም አሉ፣ በአካል አየኋቸው፣ ቆሎ እየቆረጠሙ። የአንድ መስኮት አገልግሎት የሚባለውን ነገር በሕይወቴ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ኃላፊው ጠጋ አሉና በሹክሹክታ “የእርስዎ ጉዳይ ከምን ደረሰ?” አሉኝ። “ማኅተም ነው የቀረው” አልኩ። አንገታቸውን በሐዘኔታ ነቀነቁ። ቆሎውን አቀበሉኝ። በደንብ አልተሸከሸከም።

በማግስቱ ልጅቷ መጣች። ፊቷ ገና እንዳበጠ ነው። መሳቢያውን ከፈተች። ብርድ ነበር፣ ቀለሙ ደርቋል። ማኅተሙን ወደ አፏ አስጠግታ “ሃህ” አለችበት፣ እንፋሎቱ ታየኝ። አንዴ ጫነች፤ ግማሽ ጨረቃ ወጣ። እንደገና “ሃህ” አለችና በሁለት እጇ ተጭና ቆመችበት። ትንፋሼን ያዝኩ። ሙሉ ክብ ሆነ። ስድስት ወር ሙሉ የጠበቅሁት ትንፋሽ ነበር ለካ።

“እንኳን ደስ አለዎት ጋሼ። በሚታይ ቦታ ይስቀሉት።”

“እግዚአብሔር ይስጥልኝ የኔ ልጅ። በቃ፣ ከእንግዲህ አላስቸግራችሁም።”

“ኧረ ይመጣሉ” አለች ቀን መቁጠሪያውን እያየች። ሰኔ 27 ነበር። “እድሳት ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ እስከ ታኅሣሥ 30 ነው። ካለፈ ቅጣት አለው።”

ቤት ገብቼ ፈቃዱን ለባለቤቴ አሳየኋት። አገላብጣ አየችው፣ ማኅተሙን በጣቷ ነካችው፣ ደስ አላት። ማህደሩን ግን ከሳጥኑ በላይ ልታስቀምጠው ስትል ከእጇ ተቀበልኳት። በር አጠገብ፣ ከጫማዬ ጎን አስቀመጥኩት።