ግማሽ ኢንተርኔት

ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ባለው ግቢያችን አንድ የኢንተርኔት መስመር፣ ሁለት ኮምፒውተርና ሰባት ተጠርጣሪ አለ።

ውላችን ሲጀመር ቀላል ነበር። አንዱ ኮምፒውተር የእኔ የተከራዩ ነው። ሌላው ፖሊ ግቢ፣ ማለትም የዩኒቨርሲቲው የቴክኖሎጂ ግቢ፣ የሚማረው የአከራዬ ልጅ። ሂሳቡ ግማሽ ለግማሽ። አከራዬ እትዬ በስሌት አይታሙም፦ «አራት ሜጋ ከሆነ ሁለቱ የአንተ፣ ሁለቱ የልጄ። ይሄ ምኑ ያጣላል?»

ኢንተርኔቱን ለሁላችን የሚያድለው ሳጥን፣ ራውተሩ፣ እንደ እትዬ ቢያስብ ኖሮ አያጣላም ነበር። ራውተር ግን ካላዘዙት በቀር በሰው ቁጥር አያካፍልም። የልጁ ማውረጃ ፕሮግራም በአንድ ጊዜ ብዙ ግንኙነት ይከፍታል፤ የእኔ ሥራ አንድ ብቻ። መስመሩ ሲጨናነቅ ብዙ ግንኙነት የከፈተው ብዙውን ይወስዳል። ድግስ ቤት አንድ ሰሃን ይዞ የቆመ ጨዋና አምስት ልጆቹን ከነሰሃናቸው ያሰለፈ አባወራ መቼ እኩል በልተው ያውቃሉ?

አራት ሜጋ የሚባለውም ራሱ ሰው ይሸውዳል። መስመር የሚለካው በቢት ነው፣ ፋይል ደግሞ በባይት። አንድ ባይት ስምንት ቢት ነውና በሰከንድ የሚወርደው ቢበዛ ግማሽ ሜጋባይት ነው። 700 ሜጋባይት የሆነ ፊልም መስመሩን ብቻውን ይዞት እንኳ ከ20 ደቂቃ በላይ ይፈጃል። የእትዬ ልጅ ደግሞ ፊልም አያወርድም። ሲዝን ነው የሚያወርደው።

ደስ የሚለው፣ በግቢያችን የሚያወርድ ሰው ተገኝቶ አያውቅም። ኢንተርኔቱ ሲንቀራፈፍ ወጥቼ «ማነው?» ስል ሁሉም ከደጁ ብቅ ይላል። መልሱ አንድ ነው፦ «እኔ ቴሌግራም ብቻ ነኝ።» ልጁ ቴሌግራም ብቻ ነው። እህቱ ቴሌግራም ብቻ ናት። ሠራተኛዋም ቴሌግራም ብቻ ናት፤ የቲክቶኩ ዘፈን ግን ከኩሽና እስከ እኔ ክፍል ይሰማል።

እትዬ ከጥርጣሬ ውጪ ነበሩ። «በጊዮርጊስ፣ ስልኬ ኮመዲኖ ላይ ተኝቷል!» እውነታቸውን ነው፣ ተኝቷል። ተኝቶ ግን የልጅ ልጃቸውን የክርስትና ፎቶ በሙሉ አንድ በአንድ ወደ ኢንተርኔት መጋዘን ይጭናል። ይሄ ደግሞ ከማውረድ ይብሳል። ኮምፒውተር አንድ ነገር ሲያወርድ የደረሰውን እየቆጠረ «ደርሶኛል» የሚል መልስ መላክ አለበት። መልሱ ካልደረሰ ላኪው ፍጥነቱን ይቀንሳል። የእኔ «ደርሶኛል» ታዲያ ከሕፃኑ አርባ ፎቶ ኋላ ተሰልፎ ተራውን ይጠብቃል። ይህን ለእትዬ ላስረዳ ሞከርኩ። «ፎቶውን አየኸው ግን? አባቱን አይመስልም?» አሉኝ።

በሩም ሌላ ጣጣ ነው። ራውተሩ እትዬ ሳሎን፣ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ፣ ዳንቴል ለብሶ ተቀምጧል። የእኔ በር ቆርቆሮ ነው። ብረት ደግሞ ዋይፋይ አያሳልፍም። በሩን ስዘጋ መስመሩ ይሞታል፣ ስከፍተው የጣና ትንኝ ይገባል። የባሕር ዳርን ምሽት የሚያውቅ ሰው ይፈርድልኛል። መጨረሻ ላይ ገመድ ገዛሁ። እንዲህ ያለ ገመድ እስከ 100 ሜትር ያለችግር ይሠራል፣ ግቢያችን የዚያን ሩብ አይሆንም። ከሳሎኑ በማንጎው ዛፍ ላይ አሳልፌ ክፍሌ አስገባሁት። ለሦስት ቀን ንጉሥ ነበርኩ። በአራተኛው ቀን ቅዳሜ ነበር፣ የልብስ ቀን። እትዬ አንድ ጋቢና ሁለት አንሶላ አሰጡበት። «እኛ ግቢ ገመድ ስንፈልግ አንተ ይዘህልን መጣህ» ብለውም መረቁኝ።

ሐምሌ 2015 መጨረሻ ላይ የሞባይል ኢንተርኔት በክልሉ ሲቋረጥ ግን የሁላችንም ማዕረግ ከፍ አለ። የቤት መስመር ያለው ሰው ድንገት ዘመዱ በዛ። እንኳን አክስት፣ የአክስት ጎረቤት ሳይቀር እትዬን ሊጠይቅ መጣ። ቡና ሳይፈላ «ፓስወርዱ ምን ነበር?» ይባላል። ከዚያ ሁሉም ስልኩ ላይ ያጎነብሳል። እትዬ ሦስተኛውን ቡና ማን እንደጠጣና ማን እንዳልጠጣ መለየት አቃታቸው።

የሚገርመው፣ ይህ ሁሉ ሕዝብ ከውጭ ሲታይ አንድ ሰው ነው። የድሮው የኢንተርኔት አድራሻ ከአራት ቢሊዮን ብዙም ስለማይበልጥ ለየመሣሪያው አይበቃም። ስለዚህ ራውተሩ ለግቢው የተሰጠውን አንድ አድራሻ ለሁላችንም ይጠቀምበታል፣ ውስጥ ለውስጥ ደግሞ 192.168 እያለ ቁጥር ያድለናል። እኛ ግቢ ውስጥ በአጥር ድንበር፣ በውሃ ቆጣሪና በዶሮ ተስማምተን አናውቅም። ዓለም ግን እንደ አንድ ልብ መካሪ ነው የሚያየን። አንዱ ጌም ላይ ተሳድቦ አድራሻው ቢታገድ ሁላችንም አብረን ልንታገድ እንችላለን፣ እትዬም ጭምር።

በኋላ መላ አገኘሁ። ብዙ ራውተር ለእያንዳንዱ መሣሪያ የፍጥነት ጣሪያ ማበጀት ይፈቅዳል፣ የእኛም ይፈቅዳል። ገብቼ ለሁሉም እኩል ሰጠሁ። ልጁ ግን ፖሊ ግቢ የሚማረው ለከንቱ አይደለም። የዘንድሮ ስልኮች የመሣሪያ መለያቸውን መቀያየር ይችላሉ፣ በተቀየረ ቁጥር ራውተሩ አዲስ እንግዳ መጣ ብሎ ይቀበላል። ዝርዝሩን ስከፍት የመሣሪያው ብዛት ከግቢው ሰው በልጦ አገኘሁት። ተናድጄ ማታውን ፓስወርዱን ቀየርኩ፣ ለማንም አልተናገርኩም።

በነጋታው ደላላ ባዶዋን ክፍል ሊያሳይ አንድ ወጣት ይዞ ገባ። «ዋይፋይ አላት፣ ያውም በነፃ» ሲል ከክፍሌ ሆኜ ሰማሁት። በነፃው ውስጥ ግማሹ የእኔ ብር ነው። ወጣቱ ውሃ በስንት ቀን እንደሚመጣ አልጠየቀም፣ ኪራዩንም አልተከራከረም። ስልኩን አውጥቶ ፓስወርዱን ጠየቀ።

እትዬ ከኩሽና ሳይወጡ በቃላቸው ነገሩት። አዲሱን።