ውሃ የማይዝ ገንቦ

አንድ የድሮ ባልደረባዬ አርቲስት ሆኗል። ዕድሜውን ሙሉ የሒሳብ መዝገብ ሲያገላብጥ የኖረ ሰው፣ ሃምሳን ሊደፍን ሲል «ተፈጥሮ ጠራችኝ» ብሎ ሴራሚክ ጀመረ። ይጀምር፤ ሰው በዚህ ዕድሜው ስንት ነገር ይጀምራል። እኔን ያናደደኝ ገንቦው ነው። የዋንዛ ቅጠል በእርጥቡ ጭቃ ላይ ተጭኖ ደም ሥሩ ሳይቀር ታትሞበታል። ያምራል፣ አልዋሽም። «ውሃ ይይዛል?» ብዬ ብጠይቀው ግን ፊቱ ተለዋወጠ። «ይኼ እኮ የሚታይ ነው!» ዋጋውን ስሰማ እኔም ከማየት አላለፍኩም።

እኔ የማውቀው ገንቦ ሥራ አለው። የቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎች ጭቃውን ከተፈጨ ገል ጋር ያቦኩታል፤ አለዚያ እሳት ሲነካው ይሰነጠቃል። በእጃቸው አንስተው፣ አለስልሰው፣ አድርቀው፣ በኩበትና በባሕር ዛፍ ቅጠል ይተኩሱታል። የባሕር ዛፍ ቅጠልም ተፈጥሮ ነው፤ ጭሱ ዓይናቸውን ሲያነድደው ግን ተመስጦ ነው ያላቸው የለም። «ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች» የሚለውን ተረት የምወደው ለዚህ ነው። ደህና ደህናው ወደ ገበያ፣ ስባሪው ለባለቤቷ።

ምጣድ ከተነሣ ደግሞ የጎረቤታችን ነገር አለ። (ማንም አላነሣውም፤ እኔ ነኝ ያነሣሁት።) እናቴ መርካቶ ሸክላ ተራ ወርዳ፣ በጣቷ እየቆረቆረች ድምፁን አዳምጣ የገዛችውን፣ በጎመን ዘር አሽታ ያሟሸችውን ምጣድ ጎረቤታችን «ለዛሬ ብቻ» ብላ ወሰደችው። ሲመለስ ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቋል። «ውይ እትዬ፣ ድሮም ስንጥቅ ነበረው እኮ!» እናቴ ይቅር ብላታለች። እኔ ግን ለቅሶ ቤት ስንገናኝ እንኳ የማየው ምጣዱን ነው።

ያችው ጎረቤታችን፣ ሸክላ ሠሪዋ በሰፈራችን ስታልፍ፣ ልጆቿን በነጠላዋ ትሸፍን ነበር፤ በዓይኗ እንዳትበላቸው! ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጁን በሥራው መስደብ እንዲቀር አዋጅ አስነግረዋል። ንጉሡ አስነገሩ፤ ሰፈሩ አልሰማም። ሸክላ ሠሪዋ በሠራችው ድስት ወጣችንን ሠርተን፣ በጀበናዋ ሦስተኛውን ጠጥተን፣ ወንድማችን ልጇን ላግባ ሲል ዘር ቆጠራ እንቀመጣለን። ነውር ነው። ቀልድም አይወጣውም።

የባልደረባዬን ዓይን ግን የፈራ የለም። ጎረቤታችን ራሷ የገንቦውን ፎቶ ስልኬ ላይ አይታ «እጁ ይባረክ፣ ምን ዓይነት ጥበብ ነው!» አለች። ስለ ምጣዱ ላነሣባት ምንም አልቀረኝም ነበር፤ እናቴ ቆነጠጠችኝ።

ስለ ተፈጥሮ ነበር መሰለኝ የጀመርኩት። ብቻ ኤግዚቢሽኑ ቅዳሜ ይከፈታል፤ ቡናም አለ ተብያለሁ። በምን እንደሚቀርብ ጠይቄዋለሁ፤ በወረቀት ኩባያ ነው።