የሸጣችሁልን ድምፅ ነው!

ኧረ በፈጠራችሁ! ቱርቦ (አየር በግፊት ወደ ሞተር የሚያስገባ መሣሪያ) ያለው መኪና ይዞ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ፣ የመለዋወጫ ሻጮቹ ዘንድ ብቅ ያለ ሰው ሁሉ «ይህን ክፍት የአየር ፊልትሮ ግጠምበት፣ 20 ፈረስ ጉልበት ይጨምርልሃል» እየተባለ እስከ መቼ ነው?

የፋብሪካው የፊልትሮ ሳጥን እኮ ቀዝቃዛ አየር ከፊት ነው የሚስበው። ያንን አውልቀው ክፍቱን ፊልትሮ ኮፈን ሥር ሲሰቅሉት፣ ከሜክሲኮ ለገሃር ስንንፏቀቅ የሚስበው የሞተሩን ትኩስ አየር ነው። ትኩስ አየር ስስ ነው፤ የሞተሩ ኮምፒውተርም ሞተሩ እንዳይጎዳ ማቀጣጠሉን ያዘገያል። የተረፈን ፉጨት!

የቱርቦውን ግፊት የሚወስነው ኮምፒውተሩ እንጂ ፊልትሮው አይደለም። «ስቴጅ ዋን» የምትሉት የጉልበት ማሳደጊያ የዚሁ ኮምፒውተር የፕሮግራም ለውጥ ነው፤ እሱ በእርግጥ ይሠራል፣ አልክድም። «ስቴጅ ቱ» ላይ ዳውንፓይፕ (ከቱርቦው የሚወጣው የጭስ ቱቦ) እና ኢንተርኩለር (ቱርቦው የጨመቀውን አየር የሚያቀዘቅዘው) ይመጣሉ። ግን ስቴጁን የሚቆጥረው ሻጩ ራሱ ነው፣ እንደየኪሳችን!

ደግሞ አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነን እኮ። አየሩ ከባሕር ጠለል በሩብ ያህል ሳስቷል፤ ቱርቦው ያንን ለማካካስ ድሮውንም በላይ በላዩ እየተሽከረከረ ነው። ለቆላ አገር የተጻፈ ፕሮግራም እንዳለ ጭኖ «ወንድሜ፣ አሁን ረግጠው!» ማለት ምን የሚሉት ድፍረት ነው? ከመግጠማችሁ በፊትና በኋላ የሞተሩ ጉልበት የተለካበትን ወረቀት አሳዩኝ። ጆሮዬንማ ሞልታችሁታል።