ከሙዚየም ወጥቶ ጌም መጫወት ከመቼ ወዲህ ነው ጥፋት የሆነው?

ሰሞኑን አንድ የአዲስ አበባ ኮሌጅ ለተወሰኑ ተማሪዎቹ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጥቷል። ልጆቹ ቅዳሜ ጠዋት ከመምህራቸው ጋር ብሔራዊ ሙዚየምን ጎበኙ። ከዚያ ወደ ስድስት ኪሎ ወጥተው የዩኒቨርሲቲውን ሙዚየም አዩ። ጉብኝቱ አለቀ፤ ተበተኑ። ከሰዓት በኋላ እዚያው አካባቢ ጌም ቤት ገብተው ፕሌይስቴሽን ሲጫወቱ ታዩ። ጥፋታቸው ይኸው ነው። የጉብኝቱን ዓላማ አራክሳችኋል ተባሉ፤ ደብዳቤውም ፋይላቸው ውስጥ ገባ።

ይህ ሳያንስ አንድ የሬዲዮ እንግዳ ውሳኔውን ሊደግፍ ተነሳ። ጠዋት ድንቅነሽን አይቶ ከሰዓት ጌም ቤት የሚገባ ልጅ ድንቅነሽን አላያትም አለ።

እንዴት ነው ያላያት? ልጁ እዚያ ቆሟል። በ1967 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ እንደተገኘች ሰምቷል። 3.2 ሚሊዮን ዓመት የሚለውን ቁጥር አንብቧል። ከአጽሟ 40 በመቶ ገደማ እንደተረፈ አውቋል። ከሰዓት በኋላ ኳስ ጌም ስለተጫወተ ይህ ሁሉ ከጭንቅላቱ ተጠርጎ ወጣ? እንግዲያው ሙዚየም ጎብኝቶ ማታ ቤቱ ፕሪሚየር ሊግ የሚያይ አባወራም ምንም አላየም ማለት ነው። ለእሱ ግን ማንም ደብዳቤ አይጽፍም። ደብዳቤ የሚጻፈው ለወጣት ብቻ ነው። እኔን ያናደደኝም ይህ ነው። የትልቅ ሰው መዝናኛ እረፍት ይባላል፤ የወጣት መዝናኛ ብልግና።

ደብዳቤውን የፈረሙት ሰዎች ስድስት ኪሎ ያለውን ሙዚየም ራሳቸው ጎብኝተውት ያውቁ ይሆን? አይመስለኝም። ቤቱ የቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። ከታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ለዩኒቨርሲቲው የሰጡት። የንጉሡ መኝታ ክፍል እስካሁን ይጎበኛል። የባህል ስብስቡ ግን የተደረደረው እንደ ሰው ዕድሜ ነው፦ ልጅነት፣ ከዚያ ጉልምስና፣ ከዚያ ሞትና ከሞት በኋላ ያለው። በልጅነቱ ክፍል ምን አለ? ልደት አለ፣ የባህል ትምህርት አለ፣ ጨዋታ አለ። አዎ፣ ጨዋታ! ያንን ክፍል ያሰናዱት ሰዎች ጨዋታን ከትምህርት እኩል አስቀመጡት። የአገሩን ሰው ለማወቅ አጨዋወቱን ማየት እንደሚያስፈልግ ገብቷቸዋል። ኮሌጁ ልጆቹን ጨዋታን እንደ ቅርስ ወደሚያሳይ ቤት ወሰዳቸው። ከዚያ ወጥተው ሲጫወቱ ደግሞ ቀጣቸው።

አባቶቻችን እኮ እንዲህ አልነበሩም። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ያሉት እነሱ ናቸው። አሽከር ከጌታው ጋር ሜዳ ገብቶ ይጋፋል፣ ይመታል፣ ያሸንፋል፤ ጌታው ይችላል። ያ ሁሉ የማዕረግ ጥብቀት በነበረበት ዘመን ለጨዋታ ይህን ያህል ቦታ ተሰጥቶ ነበር። ገበጣም ተራ ጊዜ ማሳለፊያ አይደለም። ቆጠራ ነው፣ ስሌት ነው፣ የተቃራኒን ሐሳብ ቀድሞ ማንበብ ነው። ጌም ቤት ውስጥ ፓድ ይዞ የተቀመጠ ልጅ የሚያደርገውም ያንኑ ነው። ተራ ይጠብቃል፣ ይሸነፋል፣ ለምን እንደተሸነፈ ያስባል፣ ድጋሚ ይሞክራል። መሣሪያው ስክሪን ስለሆነ ብቻ ባህል አይደለም የሚለን ማነው?

ዓለም ይህን ክርክር ጨርሶታል። የኒውዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2012 14 ቪዲዮ ጌሞችን ወደ ስብስቡ አስገብቷል። ፓክማን እና ቴትሪስ ከእነዚህ መካከል ናቸው። የቫን ጎግ ሥዕል ያለበት ቤት ነው ይህን ያደረገው። የእኛ ኮሌጅ ከእሱ በላይ ለሙዚየም ክብር ተቆርቋሪ ነኝ ሊል ነው?

ጌሞቹም ቢሆኑ ከታሪክ የራቁ አይደሉም። «ኤጅ ኦቭ ኢምፓየርስ 2» ላይ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ኢትዮጵያውያን አሉ፤ ሾተል የያዘ ተዋጊ አላቸው፣ የዮዲት ዘመቻም አለ። «ሲቪላይዜሽን 5» ላይ ኢትዮጵያን የሚመሩት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናቸው፤ «ሲቪላይዜሽን 6» ላይ ዳግማዊ ምኒልክ። ብሔራዊ ሙዚየም ውስጥ የንጉሡን ዙፋን ያየ ልጅ ማታ ኮምፒውተሩ ላይ ያንን መንግሥት ራሱ ሊመራ ይሞክራል። ግብር፣ ጦር፣ ጎረቤት፣ እህል፣ ሁሉም እጁ ላይ ይወድቃል። መስታወት ውስጥ ያለ ዙፋን ይህን አይነግረውም። እኔ እንዲያውም የሙዚየሙን ጥያቄ ቤቱ ይዞ የሚሄደው የሚጫወተው ልጅ ነው እላለሁ።

ልጆቹ የተጫወቱት ኳስ እንጂ ታሪክ አይደለም ትሉኝ ይሆናል። ይሁን። ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ክፍል አልቀሩም፣ ከጉብኝቱ አልጠፉም፣ በራሳቸው ብር ነው የተጫወቱት። ከዚያ ሰዓት በኋላ ኮሌጁ ምን አገባው?

ብር የሚያስይዙ ጌም ቤቶች እንዳሉ አውቃለሁ። እነሱን አልከላከልም። ደብዳቤው ግን ስለ ቁማር አንድ ቃል የለውም። የሚናገረው ስለ ጌም ብቻ ነው።

ኮሌጁ ለሙዚየም ከተቆረቆረ ሥራ ሞልቶለታል። ተማሪ በዓመት አንዴ ተሰልፎ ከመግባት አልፎ በራሱ ጊዜ እንዲመለስ ያድርግ። ለጉብኝቱ የሚሰጠው ወረቀት ዓመተ ምሕረት ገልብጡ ከማለት ይውጣ፤ ልጁ የሚፈታው፣ የሚከራከርበት፣ ከጓደኛው ጋር የሚፎካከርበት ነገር ይኑረው። የሶፍትዌር ተማሪዎቹን ደግሞ ያየነውን ጌም አድርጋችሁ አምጡልን ይበላቸው፤ አገር ውስጥ ጌም የሚሠሩ ወጣቶች አሉና አርአያ አያጡም። ከዚያ ሁሉ በፊት ግን ያንን ማስጠንቀቂያ ከልጆቹ ፋይል ያውጣ፤ በጽሑፍ እንደሰጠው በጽሑፍ ይሰርዘው።