የሞተሩ እምብርት የማን ነው?

ሰሞኑን አገር ቤት ካለ አንድ ወዳጄ ጋር ስናወራ «ሕንድ ከፈረንሳይ ጋር የተዋጊ ጄት ሞተር አብራ ልትሠራ ነው አሉ፣ እኛስ ከአንዱ ጋር ተፈራርመን ብንጀምር ምን ይለናል?» አለኝ። የሰማው ወሬ እውነት ነው። ነሐሴ 2025 ላይ የሕንድ መከላከያ ሚኒስትር ለአዲሱ ተዋጊ ጄታቸው የሚሆነውን ሞተር ከፈረንሳዩ ሞተር ሠሪ ኩባንያ ሳፍራን ጋር እንደሚሠሩ ተናግረዋል (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራው)። የወዳጄ ጥያቄ አገር ከመውደድ የመጣ ስለሆነ በአንድ ቃል መመለስ ከበደኝ፤ ለዚህ ነው ረዘም አድርጌ የምጽፈው።

የምኖረው ሙኒክ ነው። ከከተማው ወደ አየር ማረፊያው የሚሄደው ባቡር ሀልበርግሞስ የምትባል ትንሽ ከተማ ላይ ይቆማል። ዩሮፋይተር የተባለውን የአውሮፓ ተዋጊ ጄት ሞተር የሚያስተዳድረው ኩባንያ፣ ዩሮጄት፣ መሥሪያ ቤቱ እዚያ ነው። ኩባንያው በ1986 ሲቋቋም የእንግሊዝ፣ የጀርመን፣ የጣሊያን እና የስፔን ድርጅቶች ድርሻቸውን በመቶኛ ቆርጠው ነው የገቡት፤ ሮልስ ሮይስ 33፣ ኤም ቲ ዩ 33፣ አቪዮ 21፣ የስፔን ድርሻ (ኋላ አይ ቲ ፒ የያዘው) 13። ቁጥሩም ዝም ብሎ የመጣ ሳይሆን እያንዳንዱ አገር ሊገዛ ካሰበው የአውሮፕላን ብዛት ጋር የተያያዘ ነበር። ሥራውም በዚያው ተከፋፈለ። ጀርመኖቹ አየሩን የሚጨምቀውን ክፍል ወሰዱ። እንግሊዞቹ ማቃጠያውንና ከሱ ቀጥሎ ያለውን የከፍተኛ ግፊት ተርባይን፣ ማለትም ትኩሱ ጋዝ የሚያሽከረክረውን ጎማ። ጣሊያኖቹ የዝቅተኛ ግፊቱን ተርባይን። ስፔኖቹ ደግሞ የኋላውን ኖዝል፣ ማለትም ጋዙ የሚወጣበትን አፍ።

ከሁሉም ክፍሎች ሚስጥሩ የሚጠበቀው መሐል ላይ ያለው ትኩሱ ክፍል ነው፤ እኔ እምብርት እለዋለሁ። እዚያ የሚያልፈው ጋዝ ሙቀት ብሌዶቹ (ጋዙ የሚገፋቸው የተርባይኑ ምላጮች) የተሠሩበት ብረት ከሚቀልጥበት ሙቀት ይበልጣል። ታዲያ ለምን አይቀልጡም? ውስጣቸው ባዶ ስለሆነና ከፊተኛው ክፍል ተጠልፎ የሚመጣ አየር በቀጫጭን ቀዳዳዎች እየወጣ ስለሚያቀዘቅዛቸው ነው፤ ላያቸውም በሴራሚክ ተለብጧል። በዚያ ላይ እያንዳንዱ ብሌድ ከላይ እስከ ታች አንድ ወጥ ክሪስታል ሆኖ እንዲረጋ ተደርጎ ነው የሚቀረጸው፣ ምክንያቱም ተራ ብረት ውስጥ ያሉት የቅንጣቶች ድንበሮች በዚያ ሙቀትና ሽክርክሪት ቀድመው የሚከዱ ናቸው። ይሄን ዕውቀት ሞተሩን ፈትቶ በማየት አታገኘውም። ዕውቀቱ ያለው ምድጃው ስንት ዲግሪ እንደነበር፣ ቅርጹ በምን ፍጥነት እንደቀዘቀዘ፣ ከመቶው ስንቱ ተበላሽቶ እንደተጣለ በሚያውቁት ሰዎች እጅ ነው። ስለዚህ ነው ጄቱን መሥራት የቻሉ አገሮች እንኳ ሞተር የሚለምኑት። የደቡብ ኮሪያው ኬ ኤፍ 21 እና የቱርኩ ካአን ከመሬት የተነሱት በአሜሪካ ሞተር ነው።

ስለዚህ እምብርት ሳስብ ሁሌ ትዝ የሚለኝ የአሜሪካኖቹና የፈረንሳዮቹ ታሪክ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ጄኔራል ኤሌክትሪክ እና የፈረንሳዩ ስኔክማ (የዛሬው ሳፍራን) የመንገደኛ አውሮፕላን ሞተር አብረው ሊሠሩ ተስማሙ። ችግሩ እምብርቱ ቢ 1 ለተባለው ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ከተሠራው ሞተር የተወሰደ መሆኑ ነበር። የአሜሪካ መንግሥት አይወጣም አለ። ነገሩ እስከ መሪዎች ደርሶ በ1973 ኒክሰን እና ፖምፒዱ ሬይካቪክ ላይ ተነጋገሩበት። ተፈቀደ፣ ግን እምብርቱ አሜሪካ ውስጥ ተሠርቶ እንዲላክ፣ ፈረንሳዮቹም ምስጢሩን እንዳያዩ ሆኖ ነው። አስቡት፣ የጦር ቃል ኪዳን ያላቸው ወዳጅ አገሮች ናቸው! በ1974 ሃምሳ በሃምሳ ተካፍለው ሲ ኤፍ ኤም የሚባለውን ኩባንያ መሠረቱ፤ እስከ 1979 ድረስ አንድ ደንበኛ አልመጣላቸውም። አልተበተኑም። ያ ሞተር፣ ሲ ኤፍ ኤም 56፣ ኋላ ከ30 ሺህ በላይ ተመርቷል።

ይሄን ያነሳሁት ፈረንሳዮቹ እምብርቱን ስለተከለከሉ ተናደው እንዳልወጡ ለማሳየት ነው። እነሱም የሚያመጡት ነገር ነበራቸው። የፊተኛውን ትልቅ ማራገቢያና የኋላውን ተርባይን ራሳቸው ሠሩ፣ ለተዋጊ ጄት የሚሆን የራሳቸው ሞተርም ጎን ለጎን ነበራቸው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንላለን። በሞተር ሠሪዎች መንደር ግን ሁሉም የየራሱን ድር ፈትሎ ነው የሚመጣው።

ሕንድም እዚህ የደረሰችው ብዙ አመድ ቅማ ነው። ካቬሪ የተባለውን የራሷን ሞተር በ1980ዎቹ ጀምራ፣ ግፊቱ ሳይበቃ ክብደቱም በዝቶ በ2008 ከቴጃስ ጄቷ ጋር ያለው ትስስር ተቋረጠ። ቴጃስ በአሜሪካ ሞተር ቀጠለ። በ2021 ያዘዘቻቸው 99 ሞተሮች ግን ዘገዩባትና የመጀመሪያው በ2025 መጋቢት ነው የደረሳት። አውሮፕላኑ ቆሞ ሞተር መጠበቅ ምን እንደሚመስል አዩት። ብዙ ሰው ካቬሪን ኪሳራ ይለዋል፤ እኔ አልስማማም። ሠላሳ ዓመት የተፈተነ፣ የተሰነጠቀ፣ የተቃጠለ ብሌድ በእጃቸው ስላለፈ ነው ዛሬ ከፈረንሳዮቹ ፊት ተቀምጠው «የቱን ትሰጡናላችሁ፣ የቱን ትደብቃላችሁ?» ብለው መጠየቅ የቻሉት። ምን እንደሚጠየቅ ማወቅ ራሱ ዓመታት ይፈጃል።

ከዚያ በፊትም ሌላ ሙከራ ነበራቸው፣ ብዙም አይወራም። በ1960ዎቹ ግብፅ ሄልዋን ላይ ኤች ኤ 300 የሚባል ተዋጊ ጄት እና ኢ 300 የሚባል ሞተር ትሠራ ነበር። ሕንድ ደግሞ ማሩት የተባለ ጥሩ አካል ያለው፣ ግን ሞተሩ ደካማ የሆነ ጄት ነበራት። አንዱ የጎደለው ሌላው ጋ ነበረ ማለት ነው። የግብፁን ጄት መጀመሪያ ያበረረው ሕንዳዊ ነው፣ አንድ ማሩትም ግብፅ ሄዶ በግብፁ ሞተር ተሞክሮ ነበር። በ1969 ግን ግብፅ ሥራውን አቆመች። ይሄ ታሪክ እውነት ያሳዝነኛል፤ ሁለቱም ደፋሮች ነበሩ፣ ሐሳቡም ትክክል ነበር፣ ገንዘቡና ትዕግሥቱ ነው ያለቀው።

ወደ ወዳጄ ጥያቄ ልመለስ። እኛ ጋ ብዙ ጊዜ በዓሉ የፊርማው ቀን ነው፤ ፎቶ፣ ጭብጨባ፣ ዜና። እዚህ አውሮፓ የማየው የፊርማው ቀን የጭቅጭቁ መጀመሪያ መሆኑን ነው። ፈረንሳይ፣ ጀርመንና ስፔን ስለ ቀጣዩ ጄታቸው ማን ይምራ፣ ማን የቱን ይሥራ እያሉ ለዓመታት ተነታርከዋል። መጀመሪያ ላይ አሳፋሪ ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን ድርሻውን ለማስከበር የሚከራከር ሰው ምን እንደያዘ የሚያውቅ ሰው እንደሆነ ገብቶኛል።

እኛም ከባዶ አይደለም የምንነሳው። በ1935 አዲስ አበባ ላይ ጀርመናዊው አብራሪ ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ጋር የሠራት «ፀሐይ» በርራለች፤ ጣሊያን ወስዶ አስቀርቷት በ2024 ጥር ተመለሰች። አካሏ እዚሁ ተሠራ፣ ሞተሯ ግን ያኔም ከቼኮዝሎቫኪያ የመጣ ነበር። ዛሬ ደግሞ ያ ለፈረንሳዮቹ ተደብቆ የተላከው እምብርት ያለበትን ሲ ኤፍ ኤም 56 የኢትዮጵያ አየር መንገድ የጥገና ባለሙያዎች አዲስ አበባ ላይ ፈትተው ይጠግኑታል። መጠገን መሥራት አይደለም፣ ዋናዎቹ መለዋወጫዎች አሁንም ከአምራቹ ነው የሚመጡት። ግን ስንጥቁን በዓይናቸው የሚያዩ፣ የቱ ብሌድ መጀመሪያ እንደሚደክም የሚያውቁ ሰዎች አሉን።

አይ ቲ ፒ በ1989 ስፔን ውስጥ ሲቋቋም ለዚሁ የዩሮፋይተር ሞተር ተብሎ ነው። ከኖዝል ተነስቶ በቀጣዩ የአውሮፓ ጄት ሞተር ላይ ከሳፍራንና ከኤም ቲ ዩ ጋር ለመሥራት በቅቷል። ይሄን ለወዳጄ ጻፍኩለት። «ታዲያ እኛ የቷን ቁራጭ እንጠይቅ?» ብሎ መለሰልኝ። ይሄኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው በጣም ይሻላል። መልሱን ግን እኔ ሳልሆን እነዚያ ሞተር ፈትተው የሚገጥሙት ሰዎች ናቸው የሚያውቁት፣ እዚህ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩን፤ መለዋወጫው እስኪመጣ ሞተሩን ቁጭ ብላችሁ የጠበቃችሁባት፣ እኛው ብንሠራትስ ብላችሁ ያሰባችሁባት ዕቃ የትኛዋ ናት?